የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻና የፊላ እንቁራሪት፦ የእግር መንገዱ ሲሠራ ምን ይቅር?

ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የቆሮሶው መመናመን፣ በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል የሚገባው ደለልና ፍሳሽ፣ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀው የውኃው ከፍታ ነው። በዳርቻው ፊላና ቄጠማ ላይ ተጣብቃ ስለምታድረው፣ ቁመቷ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም ስለማይበልጠው የፊላ እንቁራሪት የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ከተማዋ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ የእግር መንገድ፣ መናፈሻና ሪዞርት በምትሠራበት በዚህ ሰዓት ግን እሷን ማወቅ ይገባል። ለእሷ ኑሮ የግድ የሚያስፈልገውና ግንባታ ሲጀመር መጀመሪያ የሚነሣው ነገር አንድ ነውና፤ ውኃው ሳይጠልቅ፣ መሬቱም ጨርሶ ሳይደርቅ የሚቆይበት፣ ረጃጅም ሣር የሸፈነው ጠባብ የዳርቻ ቀበቶ።

ሳይንሳዊ ስሟ ሃይፐሮሊየስ ቪሪዲፍላቩስ ነው። ዱሜሪልና ቢብሮን የተባሉ ፈረንሳውያን የእንስሳት ሊቃውንት ለዓለም ያስተዋወቋት እ.ኤ.አ. በ1841 ሲሆን፣ የገለጿትም ከኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና ነው። የምትመደበው ከአፍሪካ የዛፍ እንቁራሪቶች ወገን ነው፤ ይሁን እንጂ ዛፍ ሳይሆን የምትወጣው ፊላ፣ ደንገል፣ ቄጠማና ውኃ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። በአገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የመሰል እንስሳት ዝርያዎች ሲኖሩ ከነዚህ 40 በመቶ ያህሉ በሌላ አገር አይገኙም። የፊላ እንቁራሪቷ ከነዚያ ብርቅዬዎች አንዷ አይደለችም። በምሥራቅ አፍሪካ በስፋት ትገኛለች፤ በዓለም አቀፉ የጥበቃ መዝገብም ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች ጋር አልተመደበችም። ይህ ግን በአህጉር ደረጃ የተሰጠ ፍርድ ነው። አንድ የሐይቅ ዳርቻ እንቁራሪቶቹን ሙሉ በሙሉ ቢያጣ መዝገቡ ላይ አንዲት ፊደል አይለወጥም፤ ዳርቻው ግን ባዶ ይሆናል።

በቅርብ ሲያዩዋት መለየቷ አያስቸግርም። ቆዳዋ ለስላሳና እርጥብ ነው፤ በጣቶቿ ጫፍ ላይ ክብ መጣበቂያዎች አሏት። የዓይኗ ብሌን አግድም የተኛ ነው። ይህ ጠቃሚ ምልክት ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ የሚገኙትና በመልክ የሚቀራረቧት የአፍሪክሳለስ ወገን ትንንሽ እንቁራሪቶች የዓይን ብሌናቸው የቆመ ነው። በቀለም ብቻ ተመርቶ መለየት ግን ያሳስታል። ከውኃ የወጡ ግልገሎች ሁሉ ቡናማ ወይም ግራጫ መልክ ይዘው ይጀምራሉ። ሴቶቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ደማቁን መልክ ይለብሳሉ፤ ከወንዶቹ ከፊሉ እንደ ሴቶቹ ይደምቃል፣ ከፊሉ የልጅነት መልኩን እንደያዘ ይቀራል። በዚያ ላይ ያው እንስሳ ቀን በፀሐይ ሲገረጣ ማታ ሊጠቁር ይችላል። በአንድ የፊላ ዘለላ ላይ አራት ዓይነት መልክ አይቶ አራት ዝርያ አለ ብሎ መመዝገብ የተለመደ ስሕተት ነው። ወንዱን ለመለየት ጉሮሮውን ማየት ይበቃል፤ ሲጠራ የሚነፋው ከረጢትና በላዩ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ዕጢ ሴቷ ላይ የለም።

ሌሊቱ የወንዶቹ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከተደበቁበት ወጥተው ከውኃው በላይ ባለው የፊላ ወይም የቄጠማ አገዳ ላይ ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ርቀት ጠብቀው አጭር፣ ሹል፣ ብረት በብረት ሲነካ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ ደጋግመው ያሰማሉ። ሌላ ወንድ በጣም ከቀረበ የድምፁ ዓይነት ይለወጣል፤ ያ ካልበቃ መገፋፋትና መታገል ይከተላል። መጥራት ብዙ ጉልበት የሚበላ ሥራ ነው። ወንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራ የሚያድረው ቀደም ሲል ያጠራቀመውን ምግብ እያቃጠለ ስለሆነ፣ ያለ ዕረፍት ሊቀጥል አይችልም። በዚህ ወገን እንቁራሪቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት የአንድ ወንድ ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ለስንት ሌሊት አብረው ከሚጠሩት ወንዶች ማኅበር እንደተገኘ መሆኑን ነው። ስለዚህ በምግብ የበለጸገና ለቀን መደበቂያ የሚሆን ለምለም ቦታ ከመጥሪያው አጠገብ መኖሩ ቅንጦት አይደለም። ድምፁ የሚሰማው ከውኃው በላይ ቢሆንም፣ ያንን ድምፅ የሚያቆየው ከኋላ ያለው ቁጥቋጦና ሣር ነው።

ሴቷ ወደ ድምፁ ትመጣለች፣ ትመርጣለች፣ ወንዱን በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ውኃው ትወርዳለች። ዘመዶቿ የሆኑ ብዙ ዝርያዎች እንቁላላቸውን ከውኃ በላይ ቅጠል ላይ ሲለጥፉ እሷ ግን በቀጥታ ውኃ ውስጥ፣ በተዘፈቁ ዕፅዋት ላይ እያጣበቀች ትጥላለች። በአንድ ጊዜ የምትጥለው በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ ዝናቡ ረዘም ካለና ምግብ ካገኘች በአንድ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ ልትጥል ትችላለች። እጮቹ በጥቂት ቀናት ይፈለፈላሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንደ ውኃው ሙቀትና እንደ ምግቡ መጠን ሳምንታትን ይወስዳል፤ ውኃው ሲሞቅ ያጥራል፣ ሲቀዘቅዝ ይረዝማል። እጩ የሚመገበው በአገዳውና በበሰበሰው ቅጠል ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀ ነው። እግር ካወጣ በኋላ ጅራቱ ሳይጠፋ አገዳ ይዞ ከውኃ ይወጣል፤ በነዚያ ሰዓታት ጥሩ አድርጎ አይዋኝም፣ ጥሩ አድርጎም አይዘልም። ቀጥ ብሎ የቆመ ተክል ከውኃው ጫፍ ላይ ካላገኘ ለወፍ፣ ለሸረሪትና ለዓሣ ሲሳይ ይሆናል።

ከሌሎች ሁለት ግኝቶች ስለዚህ ወገን ምን ያህል ገና የሚጠና ነገር እንዳለ መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ያራቧቸው የዚህ ዝርያ ሴቶች ከፊላቸው እንቁላል ከጣሉ በኋላ ወደ ወንድነት ተለውጠው እንደ ወንድ መራባታቸውን ዘግቧል። በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና የሚኖሩ የቅርብ ዘመዶቿ ደግሞ ወራት የሚዘልቀውን በጋ የሚያሳልፉት መሬት ቆፍረው ሳይሆን እግራቸውን ከሰውነታቸው ሥር አጥፈው በደረቅ አገዳ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ቆዳቸው ነጭ እስኪሆን ገርጥቶ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ውኃም ከሰውነታቸው በጣም በዝግታ ይወጣል። ይህን ያነሣነው በኋላ ለምንመጣበት ለፊላው አጨዳ ሲባል ነው። በበጋ የደረቀ የሚመስል አገዳ ባዶ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

አሁን ወደ ዳርቻው እንምጣ። የሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ 22 ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለትም የጨለለቃን ረግረግ አልፎ የሚመጣው ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ የውኃው ከፍታ ዝናብን፣ ወንዙንና ትነትን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ለእንቁራሪቷ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚለው ውኃ ምን ያህል መሬት እንደሚሸፍን የሚወስነው የዳርቻው ተዳፋትነት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዳርቻው በየ50 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚጠልቅ ከሆነ፣ ውኃው 20 ሳንቲ ሜትር ሲጨምር 10 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። በ100 ሜትር የዳርቻ ርዝመት ይህ 1,000 ካሬ ሜትር አዲስ ጥልቀት የሌለው ውኃ ማለት ነው። ተዳፋቱ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ከሆነ ያው ጭማሪ 400 ካሬ ሜትር ብቻ ይሰጣል። ዳርቻው ቀጥ ባለ የድንጋይ ግንብ ከተዘጋ ደግሞ ምንም አይሰጥም፤ ውኃው ግንቡ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፣ አለቀ። የሚቀረው ከግንቡ ሥር ወዲያው የሚጠልቅ ውኃ ነው። እዚያ ፊላ በቀላሉ ሥር አይሰድም፣ አምባዛውና ቆሮሶውም እስከ ጫፉ ድረስ ይደርሳሉ። ጣት የሚያህል ጥልቀት ባለው፣ በሣር በታጨቀ ውኃ ውስጥ ትልልቅ ዓሦች እንደ ልባቸው መግባት ስለማይችሉ እጮቹ የሚተርፉት እዚያ ነው። ግንብ የሚነጥቃቸው ከሁሉ በፊት ይህንን መሸሸጊያ ነው።

ግንብ አስፈላጊ የሚሆንበት ቦታ አለ። ከተማዋን ከሐይቁ ሙላት ለመከላከል የተሠራው ግድብ የሰው ቤትና ንብረት ይጠብቃል፤ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል በሚባሉት የዳርቻው ቦታዎች በኩልም ሰው የሚቀመጥበት፣ ጀልባ የሚጠጋበት ንጹሕ ጠርዝ ያስፈልጋል። የእኛ ክርክር ስለ ቀሪው ነው። የእግር መንገዱ ከፊላው በስተኋላ፣ ደረቁ መሬት ላይ ቢሠራና ወደ ውኃው መውረድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ በምሰሶ ላይ በቆመ የእንጨት ድልድይ ቢወረድ፣ ሰውም ሐይቁን ያያል፣ ተዳፋቱም ይቀራል። ፊላው ተነሥቶ አፈር ተሞልቶ ግንብ ከቆመ በኋላ ግን መመለሱ ከባድ ነው። ፊላን መልሶ መትከል ይቻላል፤ የተዳፋቱን ጭቃ፣ የበሰበሰውን ቅጠልና በውስጡ የሚኖረውን ነፍሳት ግን በአንድ ክረምት መመለስ አይቻልም።

አጨዳውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ፊላ ከተተወ ውኃውን ሁሉ ይሸፍናል፤ ለከብት መኖ፣ ለቤት ክዳንና ለምንጣፍ የሚያጭደው ሰውም መብት አለው። ጥፋቱ የሚመጣው ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እስከ ሥሩ ሲታጨድ ወይም ሲቃጠል ነው። የሚበጀው ዳርቻውን ለምሳሌ በየ50 ሜትሩ መከፋፈልና በአንድ ዓመት ከሦስቱ ክፍል አንዱን ብቻ ማጨድ ነው። የሚታጨደው ዝናቡ በሌለበት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በማጭድ፣ ከውኃው ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ ተደርጎ ይሁን። ከውኃ በታች የተቆረጠ ፊላ አገዳው በውኃ ስለሚሞላ ሥሩ አየር ያጣና ይሞታል፤ መልሶ እንዲበቅል የሚፈልግ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት። የታጨደው ደግሞ ውኃው ላይ ተጥሎ እንዳይቀር፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። መሬት ላይ ጠርዝ ዘንድ አንድ ሌሊት ቢያድር በውስጡ የነበረው እንስሳ ወደ ቆመው ፊላ ለመመለስ ጊዜ ያገኛል።

ፊላ ይጽዳ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ወባን ነው፤ ሥጋታቸውም የሚናቅ አይደለም። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የምትመርጠው ግን ፀሐይ የሚመታውን፣ ተክል ያልበዛበትን ትንሽ ኩሬ ነው፤ የከብት ኮቴ የተወውን ጉድጓድ፣ ጡብና አፈር የተቆፈረበትን ቦታ፣ የመንገድ ዳር ውኃ። በሐይቅ ዳር ተክል መካከል የምትራባው አኖፊለስ ፋሮየንሲስ የምትባለው ሌላዋ ናት፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ አለች፣ ድርሻዋ ግን ከመጀመሪያዋ ያነሰ ነው። ፊላውን አጽድቶ በቦታው የተረጋገጠና ኮቴ የበዛበት ባዶ ጭቃ መተው አንዱን ችግር ቀንሶ ለባሰው ቦታ ማመቻቸት ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል እንቁራሪቷ ወባን ታጠፋልናለች ብሎ መከራከርም ትክክል አይደለም። ትንኝም ትበላለች፣ ግን ካገኘችው ትንንሽ ነፍሳት ሁሉ ጋር ነው፤ አጎበርን የሚተካ ሥራ አትሠራም። እሷን ለመጠበቅ ሲባል በሌላት ችሎታ ማመስገን አያስፈልግም።

ከሐይቁ ዙሪያ ባሉት የጎመን፣ የቲማቲምና የቃሪያ ማሳዎች የሚረጨው ፀረ ተባይ እንቁራሪቷን በቀጥታ ሳይገድላትም ትውልዷን ሊያቋርጥ ይችላል። ማላታዮን የተባለውን ፀረ ተባይ በሚመለከት በአሜሪካ የተደረገ ሙከራ መንገዱን በደንብ አሳይቷል። እጮቹን የማይገድል አነስተኛ መጠን ውኃ ውስጥ በየጊዜው ሲጨመር መጀመሪያ የሞቱት በዓይን እምብዛም የማይታዩት ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ነበሩ። እነሱ የሚበሉት ተንሳፋፊ አረንጓዴ አልጌ በዛ፣ ውኃው ደፈረሰ፣ ብርሃን ወደ ታች መድረስ አቆመ፤ እጮቹ የሚፍቁት ሽፋንም ተመናመነ። ከእንቁራሪቶቹ በአንዱ ዝርያ እጮቹ በዝግታ ስላደጉ ኩሬው ከመድረቁ በፊት እግር አውጥተው ለመውጣት ጊዜ አጡ። ለገበሬው የሚነገረው ነገር ስለዚህ በጣም የተወሰነ ነው፤ የመርጫ ፓምፑ ሐይቁ ወይም ቦዩ ውስጥ አይታጠብ። እጣቢው እዚያው ማሳው ላይ፣ መርጨት በተጀመረበት ረድፍ ላይ ይረጭ። ነፋስ ወደ ውኃው በሚነፍስበት ከሰዓት በኋላ አይረጭ። በማሳውና በፊላው መካከልም የማይታረስ የሣር ድንበር ይቅር፤ ሰፋ ባለ ቁጥር ይሻላል፣ ከ10 ሜትር ባያንስ መልካም ነው።

በሽታውም አለ። ኪትሪድ የሚባለው የእንቁራሪት ቆዳ ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ በስፋት መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል፤ በባሌ ተራሮችም ብርቅዬ እንቁራሪቶች ክፉኛ መመናመናቸው በተከታዩ ዓመት ተዘግቧል። ፈንገሱ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ይወዳል፣ ድርቀትና ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጎዳዋል። ስለዚህ ከባሌ ወይም ከሲዳማ ደጋ በተመለሰ ጭቃማ ቦት ጫማ በቀጥታ ወደ ሐይቁ መግባት፣ ወይም በሐዋሳው መረብ ወደ ደጋ መውጣት መወገድ አለበት። ጫማውንና መረቡን ጭቃው እስኪለቅ መቦረሽ፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ እስከ ስፌቱ ድረስ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ ነው። ለማድረቅ ጊዜ ከሌለ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ለአራት እጅ ውኃ በጥብጦ ለጥቂት ደቂቃ መንከር ይቻላል፤ ጭቃው ሳይለቅ መንከር ዋጋ የለውም፣ ጭቃው የበረኪናውን ኃይል ይበላዋልና። እጣቢው ከሐይቁ ርቆ ይደፋ።

እንቁራሪቷ አለች ወይስ የለችም የሚለውን በግምት ከመከራከር መቁጠር ይሻላል፤ ለዚህም ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። በዳርቻው ላይ ቢያንስ በ200 ሜትር የተራራቁ ነጥቦች ይመረጡ፤ ከዚያ ከቀረቡ ያንኑ ማኅበር ሁለት ጊዜ መስማት ይመጣል። ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተጀምሮ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ቆሞ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ ማዳመጥ ይበቃል። ምዝገባው በአራት ደረጃ ነው፦ ምንም ካልተሰማ 0፣ ድምፆቹ ሳይደራረቡ አንድ በአንድ ከተቆጠሩ 1፣ ተደራርበው ግን ከተለዩ 2፣ መለየት የማይቻል የማያቋርጥ ጩኸት ከሆነ 3። ከቁጥሩ ጎን የአየሩ ሙቀት፣ ነፋሱ፣ ዝናብ መቼ እንደጣለና የፊላው ስፋት በሜትር ይጻፍ።

ይህ ዘዴ የሚበላሽበት መንገድ የታወቀ ነው። በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ሌሊት አንድ ጊዜ ወጥቶ ዝም ያለ ዳርቻ ያገኘ ሰው እንቁራሪቷ ጠፍታለች ሊል ይችላል፤ ዝም ማለቷ ግን አለመኖሯ አይደለም። በመጋቢትና በሰኔ መካከል፣ ዝናብ በጣለባቸው ቀናት ማግስት፣ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ካልተሄደ 0 መጻፍ አይገባም። ነፋስ ፊላውን ሲያንኳኳ ትንንሾቹ ድምፆች ይጠፋሉ፤ ከሙዚቃ ቤት አጠገብ ያለ ነጥብም እንዲሁ ነው። በዳርቻው የሚጠሩ ሌሎች እንቁራሪቶች ስላሉ ቆጣሪው በመጀመሪያ ድምፁን ከምታወጣው እንስሳ ጋር በባትሪ ብርሃን አያይዞ መለማመድ አለበት፤ ስልክ ላይ የተቀዳ ድምፅ ለኋላ ማረጋገጫ ይጠቅማል። የሚጠሩት ወንዶች ብቻ መሆናቸውም አይዘንጋ፤ ደረጃ 3 የሆነ ዳርቻ እጮች የማይተርፉበት ሊሆን ስለሚችል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአገዳ ላይ ጅራታቸው ያልጠፋ ግልገሎች መኖራቸውን በቀን መፈለግ ያስፈልጋል። ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ በሚወጣበት በኩል ግን ማንም ሰው በእግሩ ወደ ፊላው አይግባ፤ እዚያ ከግድቡ ላይ ወይም ከመኪና አጠገብ ሆኖ ማዳመጥ ነው።

እንዲህ ያለው ቆጠራ ጥቅም የሚሰጠው ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ከተጀመረ ነው። ለአንድ የዳርቻ ክፍል ንድፍ ሲወጣ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት በዚያ ክፍልና ምንም በማይነካ ሌላ ክፍል ላይ በተመሳሳይ ሌሊቶች ይቆጠር፤ ከግንባታው በኋላም በእነዚያው ነጥቦች ይደገም። ሁለቱም ክፍሎች አብረው ከቀነሱ ምክንያቱ እንደ ዝናቡ ወይም እንደ ሐይቁ ውኃ ያለ የጋራ ነገር ሊሆን ይችላል። የተገነባበት ብቻ ከቀነሰ ግን መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ ተዳፋቱ ምን ሆነ፣ የፊላው ስፋት ከስንት ሜትር ወደ ስንት ወረደ፣ አዲሶቹ መብራቶች ወደ መንገዱ ነው ወይስ ወደ ውኃው የዞሩት። የመጨረሻው በአንድ ቀን የሚስተካከል ነው፤ መብራቱን ዝቅ አድርጎ ክዳን ማልበስና ፊቱን ወደ መንገዱ ማዞር። ፊላው ሥሩ ካልተነቀለ በሁለትና ሦስት ክረምት ይመለሳል። ተዳፋቱ ግን ንድፉ ወረቀት ላይ ሳለ መታየት ያለበት ነው።